ስለ ቤት ቀለምና ከሥሩ ስላለው ዕዳ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፥ በአጋሮና በሊሙ ገነት፥ በሰቃና በየቡ፥ የለቀማው ወራት አልፎ ጀንፈሉ ከማስጫው ሲነሣና የዓመቱ ድካም ወደ ገንዘብ ሲለወጥ፥ ከልጆች ልብስና ከሠርግ ድግስ ቀጥሎ የሰው ሐሳብ የሚያርፈው በቤቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው። በክረምቱ እርጥበትና በዓመቱ ጢስ የጠቆረው ሳሎን ዕቃው ወጥቶ ይጠረጋል፤ የተሰነጠቀው ይመረጋል፤ የበሩ መቃንና የመስኮቱ ደፍ በዘይት ቀለም ይቀባል፤ ከወለሉ ጋር የሚገናኘው ዞኮሎ በጥቁር ወይም በቡናማ መሥመር ይከበባል፤ ክርስቲያኑ ለጥምቀት ወይም ለልጁ ሠርግ፥ ሙስሊሙም ለረመዳን ወይም ለኢድ፥ ቤቱን ለእንግዳ የሚገባ አድርጎ ያዘጋጃል። ነገሩ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም፤ ነገር ግን በውስጡ አንድ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ተሰውሮ ይኖራል፤ ይኸውም፥ ራሱ እንደ ጥላ የሚያልፍ ሰው የሚያልፈውን ግድግዳ ማስጌጡ ውዳሴ ከንቱ ነውን፥ ወይስ ለተሰጠው ማደሪያ የሚገባውን ክብር መክፈሉ ነው?

ይህን ለመመርመር አስቀድሞ ግድግዳው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፥ በዓመትም ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምትቀበል ከተማ ናት፤ ቡናውን በጥላ ዛፍ ሥር የሚያለመልመው ይኸው ዝናብ የሰውን ቤት ግን ከመሠረቱ ይፈታተነዋል። የብዙው ሰው ቤት በእንጨትና በማገር ተዋቅሮ፥ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ተመርጎ፥ በቆርቆሮ የተከደነ ነው፤ ጭቃውም ከመሬት ውኃ እየሳበ በግርጌው ላይ ዳር ዳሩ ቢጫ የሆነ እድፍ ያወጣል። በውስጥ በኩል ደግሞ ቡና ከማለዳ እስከ ማታ በሚፈላበት ቤት የከሰሉና የዕጣኑ ጢስ፥ ከሚቆላው ቡና ከሚወጣው ቅባት ጋር ተደርቦ፥ በግድግዳውና በአቡጀዲው ኮርኒስ ላይ ይጋገራል። ስለዚህ በዚህ አገር ቤትን መቀባት የቅንጦት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሰው ከዝናብ፥ ከጢስና ከጊዜ ጋር በየዓመቱ የሚገጥመው ክርክር ነው። አቅም ያለው በፕላስቲክና በዘይት ቀለም ይከራከራል፤ መካከለኛው በኖራ፤ ኖራም የከበደው ግድግዳውን በእበትና በአመድ ይለቀልቃል፥ ወይም በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጥፍበታል። ማንም ቢሆን ግን ምርጊቱን እንዲሁ ትቶ መኖር አይወድም፤ ድኻም ሀብታምም ማደሪያው እንዲያምርለት መሻቱ ከሰው ባሕርይ የሚወጣ ነገር ነው።

ይህን መሻት የሚገሥጹ ታላላቅ ድምፆች አሉ፤ ድምፃቸውንም ሳንሰማ ወደ ፍርድ ልንቸኩል አይገባንም። ነቢዩ ሐጌ፥ ከባቢሎን ምርኮ የተመለሰው ሕዝብ የእግዚአብሔርን ቤት ፍርስራሽ እንደ ሆነ ትቶ የየራሱን ቤት በሳንቃ ሲያስጌጥ አይቶ፥ በንጉሥ ዳርዮስ በ2ኛው ዓመት ተነሥቶ ወቀሰው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፥ ድኻው በብርድ እየተቆራመደ የክርስቶስን ማዕድ በወርቅ ማስጌጥ ምን ይጠቅማል ብሎ ባለጠጎችን መረመረ፤ ለቤተ መቅደስ እንዲህ ያለ አባት ለእኛ ሳሎን ምን ይል ይሆን? በእስልምናም በኩል፥ በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ እንደ ተጻፈው፥ ኸሊፋ ዑመር የመዲናውን መስጊድ እንዲታነጽ ባዘዙ ጊዜ፥ ሠሪው ሰውን ከዝናብ እንዲከልል አሳስበው፥ ቀይና ቢጫ ቀለም ግን የሰጋጁን ልብ እንዳያስት ከለከሉት። በኢማም ሙስሊም የሐዲስ ስብስብ የሚገኘው የነቢዩ ባለቤት የአዒሻ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይጠነክራል፤ እርሳቸው በደጃፋቸው ያማረ መጋረጃ ሰቅለው ሳለ ነቢዩ ሙሐመድ ከዘመቻ ተመልሰው ባዩት ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ፤ ጨርቁንም አውርደው፥ አላህ ድንጋይንና ጭቃን እንድናለብስ እንዳላዘዘ ነገሯቸው። የእነዚህ ሁሉ ተግሣጽ አንድ ሥር አለው፤ ሰው ዓይኑን በግድግዳ ላይ በተከለ መጠን ከወንድሙ ላይ ያነሣዋል የሚል ነው።

ነገር ግን ሃይማኖት ራሱ ውበትን ከማደሪያ አላስወጣም፤ እንዲያውም ውበት ከሁሉ ይልቅ በውስጥ እንዲሆን ሥርዓት ሠራ። በኦሪት ዘፀአት እንደ ተጻፈው የመገናኛው ድንኳን በውጭ የፍየል ጠጕርና የአውራ በግ ቍርበት ለብሶ፥ ለሚያልፈው መንገደኛ ምንም የሚደነቅበት ነገር ሳያሳይ፥ በውስጥ ግን ኪሩቤል የተጠለፉበት ሰማያዊ፥ ሐምራዊና ቀይ ግምጃ ተዘርግቶበት ነበር። ሰሎሞንም ቤተ መቅደሱን በውስጥ በኩል በዝግባ ሲለብጠው ድንጋዩ ከቶ አልታየም፤ በዝግባውም ላይ ኪሩቤል፥ የዘንባባ ዛፍና የፈነዳ አበባ ተቀረጸ። የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል፤ ክቡ ቤተ ክርስቲያን በውጭ ሲያዩት የጭቃና የሣር ቤት ሆኖ ሳለ፥ ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ ወደ ቅድስቱ የገባ ሰው የመቅደሱ ግድግዳ በሸማ ላይ ተሥሎ በተለጠፈ የቅዱሳን ታሪክ ከላይ እስከ ታች ተሞልቶ ያየዋል፤ በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴማ ጣራው ሳይቀር በመላእክት ገጽ ተሸፍኗል። በመዲናው መስጊድም ቢሆን፥ ዑመር የጭቃውን ጡብና የዘንባባውን ጣራ እንደ ነበረ ሲያቆዩት፥ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ኸሊፋ ዑስማን ግድግዳውን በተቀረጸ ድንጋይና በኖራ አሠርተውታል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በጅማ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋርም በጅሬን ኮረብታ ላይ ያቆሙት ባለ ሰገነት የእንጨት ቤተ መንግሥት፥ ከአጠገቡ ካለው መስጊድ ጋር፥ የሃይማኖት ሰው መሆንና የእንጨትን ውበት መውደድ አብረው እንደሚኖሩ ይመሰክራል፤ የጅማ አናጢ ዛሬም ዋንዛን ጠርቦ በርና መቃን ሲያበጅ፥ ባለ ሦስት እግሩንም በርጩማ ከአንድ ግንድ ሲፈለፍል፥ እጁ ከዚያ ፍቅር አልራቀም። ሥነ ፍጥረትም ቢመረመር ለውበት ይመሰክራል፤ አንዱ የቡና ተክል ብቻውን በአንድ ዓመት ውስጥ በነጭ አበባ፥ በአረንጓዴ ፍሬና በቀይ እሸት ይፈራረቃል፤ ይህን የሠራ ፈጣሪ ሰው ቀለምን ስለ ወደደ ይቀየመዋል ማለት ያስቸግራል።

እንግዲህ ከሳሹም ጠበቃውም ከአንድ መጽሐፍ የሚጠቅሱ ከሆነ ፍርዱ ከወዴት ይገኛል? መንገዱን የአዒሻ ታሪክ ፍጻሜ ይጠቁመናል። ያ የወረደው ጨርቅ አልተቃጠለም፥ አልተጣለምም፤ ቀድደው ሁለት መደገፊያ ሰፉበት፥ በዘንባባ ጭረትም ሞሉት፤ ነቢዩም በዚህ አልነቀፏቸውም። ያው ጨርቅ ድንጋይን ሲያለብስ ተነቀፈ፥ ሰውን ሲያሳርፍ ተፈቀደ፤ ስለዚህ የተከሰሰው ውበቱ አልነበረም፥ ውበቱ የተሰለፈለት ነገር ነበር እንጂ። እኔም ከዚህ ተነሥቼ እንዲህ እላለሁ፤ የቤት ቀለም በደል የሚሆነው ከሥሩ ያልተከፈለ ዕዳ ሲሸፍን ነው፤ ዕዳው ከተከፈለ ግን ቀለም ምስጋና ነው። ዕዳውም በግድግዳው፥ ቀለሙ በተገዛበት ገንዘብና በቤቱ ውስጥ በሚኖሩት ሰዎች ዘንድ ይገኛል።

የግድግዳውን ዕዳ የኦሪት ዘሌዋውያን 14ኛ ምዕራፍ ግልጥ አድርጎ ያስረዳል። በዚያ ሕጉ በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ ይናገራል፤ ምልክቱ ወደ ውስጥ የጠለቀ አረንጓዴ ወይም ቀይ መልክ ነው፤ በጅማ ክረምትን ያሳለፈ ሰው ከአልጋ ራስጌና ከቁም ሣጥን ጀርባ የሚያገኘው ሻጋታ ከዚህ ብዙ አይለይም። ባለቤቱ ሄዶ ለካህኑ ይነግራል፤ ካህኑ ዕቃው አስቀድሞ እንዲወጣ አዝዞ ያያል፥ ቤቱንም ለሰባት ቀን ይዘጋዋል፤ ደዌው ከሰፋ የታመሙት ድንጋዮች ይነቀላሉ፥ የውስጡ ልስን ዙሪያውን ተፍቆ ከከተማ ውጭ ይደፋል፥ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃም ይተካል፤ ይህ ሁሉ ተደርጎ ተመልሶ ከወጣ ቤቱ ይፈርሳል። በዚህ ረጅም ሥርዓት ውስጥ መቀባት አንድ ጊዜ እንኳ መድኃኒት ሆኖ አልቀረበም። ላዩ አምሮ የውስጡ ነገር የማይነሣውን «ውስጡን ለቄስ» እያልን እናልፈዋለን፤ ኦሪት ግን ካህኑን በእውነት ወደ ውስጥ አስገብታ ግድግዳውን አስመረመረችው።

ሙያውን የሚያውቅ ቀለም ቀቢም ከዚህ ሥርዓት አይርቅም። አጋሮ ውስጥ ሲሠራ ያየሁት አንድ ሰው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ግድግዳውን በጣቱ አንጓ እየቆረቆረ ያዳምጥ ነበር፤ ድምፁ ባዶ በሆነበት ስፍራ እስፓቱላውን አስገብቶ ገፋ ሲያደርገው፥ የላዩ ክሬም ቀለም፥ ከሥሩ አረንጓዴው፥ ከእርሱም ሥር ሰማያዊው፥ ከሁሉም በታች ነጩ ኖራ፥ የብዙ በዓላት ድርብርብ ሆኖ በአንድነት ተገሽልጦ ወደቀ፤ ከኋላውም ጭዱ የበሰበሰ እርጥብ ጭቃ ታየ። የቤቱ እመቤት፥ «ልጄ፥ ሠርጉ እኮ ደረሰ፤ ዝም ብለህ ደርብበት» ቢሉት፥ «እማማ፥ ብደርብበት እስከ ሰኔ አይቆይም፤ ተፍቆ ይድረቅ፥ ከዚያ በኋላ የወደዱትን ቀለም እቀባልዎታለሁ» ሲል መለሰላቸው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ሕዝቡን በሐሰት ሰላም የሚያባብሉትን ነቢያት የነቀፋቸው፥ ደካማውን ግድግዳ በከንቱ ምርጊት እንደሚለስኑ ሰዎች አድርጎ ነው፤ ዝናብ ይወርዳል፥ ግድግዳው ይወድቃል፥ መሠረቱም ይገለጣል አላቸው። የእስራኤል ነቢይና የአጋሮ ቀለም ቀቢ በዝናቡ ፍርድ ተስማምተዋል።

የሙያው ምክንያት የታወቀ ነው። በግድግዳው ግርጌ እስከ አንድ ሜትር ያህል የሚቀባው የዘይት ቀለም የእጅ እድፍና የወለል ውኃ እንዳያበላሸው ቢረዳም፥ አየር ስለማያሳልፍ፥ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ ከቀለሙ ኋላ ይጠራቀማል፥ ያሳብጠዋል፥ በመጨረሻም ይልጠዋል። ኖራ ግን ተቃጥሎ በውኃ ከተፈታ በኋላ ሲቀባ፥ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ቀድሞ ድንጋይነቱ ይመለሳል፤ እርጥበቱን ሳያፍን ያስወጣል፥ ሻጋታንም ይገድላል። ጌታችን ጻፎችንና ፈሪሳውያንን በኖራ በተለሰነ መቃብር ሲመስላቸው፥ የነቀፈው በውስጡ የተደበቀውን ርኵሰት እንጂ ኖራውን አልነበረም።

በበርና በመስኮት ጠርዝ ላይ ያለው አሮጌ የዘይት ቀለም ደግሞ ሌላ ስውር ነገር ሊይዝ ይችላል። ቢጫውንና ቀዩን ለማድመቅ፥ ቀለሙም ቶሎ እንዲደርቅ ሲባል ይጨመር የነበረው እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የሌለበት ተብሎ የሚታወቅ መጠን እንደሌለው ያስተምራል፤ ስለዚህ በዓለም የሚመከረው ወሰን ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ ብቻ ነው። በዘፀአት 12ኛ ምዕራፍ መቃንና ጉበን በደም የተቀባው የቤቱ በኵር እንዲተርፍ ነበር፤ ዛሬ ሕፃን የሚደገፈውንና የሚልሰውን መቃን ምን እንዳለበት ሳይጠይቁ መቀባት፥ ወይም አሮጌውን በደረቁ እየፋቁ ብናኙን በሕፃን ፊት ማብነን፥ የዚያን መቃን ምሥጢር መገልበጥ ነው። አሮጌው ቀለም በውኃ እየረጠበ ይፋቅ፥ ሕፃናቱም እስኪጸዳ ድረስ ከቤት ይራቁ፤ ይህም ከግድግዳው ዕዳ የሚቈጠር ነው።

የገንዘቡን ዕዳ የሚናገረው ነቢዩ ኤርምያስ ነው። በ22ኛው ምዕራፍ የኢዮስያስን ልጅ ንጉሥ ኢዮአቄምን ሲወቅስ፥ ንጉሡ ሰፊ ሰገነት ያለው፥ መስኮት የወጣለት፥ በዝግባ የተለበጠና በቀይ ቀለም የተቀባ ቤት እንዳሠራ ይተርካል፤ የወቀሳው ነጥብ ግን ባልንጀራውን ያለ ዋጋ ማሠራቱና ደመወዙን መከልከሉ ነው። አባቱ ኢዮስያስም በልቶ ጠጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ለድኻና ለችግረኛ ፈረደ፥ መልካምም ሆነለት። ይህ ቃል በቡና አገር ላለ ሰው የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቃሚው፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ወጣቶች፥ ቀዩን እሸት ከአረንጓዴው እየለየ ፍሬ በፍሬ ይለቅማል፤ ክፍያው በኪሎ ነው፥ ሚዛኑን የሚይዘው ግን ሌላ ሰው ነው። ሚዛኑ ጥቂት ቢያጋድል፥ ቅርጫቱ ያልበሰለ አለበት ተብሎ ዋጋው ቢቀነስ፥ ሒሳቡም ቡናው ሲሸጥ እየተባለ ከሳምንት ወደ ሳምንት ቢጓተት፥ ያ የጐደለ ገንዘብ በጥር ወር በባለቤቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተቀብቶ ይታያል። ሐዋርያው ያዕቆብ የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ብሎ አስተምሯል፤ እንግዲህ ጩኸቱ ከሚሰማባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ግድግዳ ነው። የቡና ዋጋ ደግሞ በገበሬው እጅ የሚጸና አይደለም፤ በ1981 ዓ.ም. መጨረሻ ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ ዋጋው በአጭር ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ወድቆ ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት ባለ ቡናው የለቃሚውን ዋጋ ከፍሎ ሳሎኑን ሳይቀባ ቢያሳልፍ፥ ያ ያልተቀባ ግድግዳ በእግዚአብሔር ፊት ከማናቸውም ቀለም ይልቅ ያማረ ነው።

የቤተ ሰቡ ዕዳ ከሁሉ ይልቅ ቅርብ ነው፤ ከቅርበቱም የተነሣ አይታይም። እንግዳ ለሁለት ሰዓት የሚቀመጥበት ሳሎን በየዓመቱ ሲታደስ፥ እናት፥ ሚስትና የቤት ሠራተኛ ከማለዳ እስከ ማታ የሚውሉበት ማድ ቤት ከተሠራ ጀምሮ አንድ ጊዜ ሳይቀባ ያረጃል፤ ጥላሸቱ ከጣራው እየተንጠባጠበ በሊጡ ላይ ይወድቃል፤ መስኮቱ ጠባብ፥ ግድግዳውም ጥቁር ስለ ሆነ፥ ምስር የምትለቅም ሴት ጠጠሩን ለማየት ሰፌዷን ይዛ ወደ ደጅ መውጣት ግድ ይሆንባታል። አበው «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ያሉት ለሰው ጠባይ ነው፤ ቤትም ይህን ጠባይ ሊይዝ ይችላል። እንግዳን ማክበር የአብርሃም ትሩፋት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለው በድንኳን ደጃፍ ነበር፥ ያከበራቸውም እግራቸውን አሳጥቦ በማብላት ነው። የመገናኛው ድንኳንም ወደ ውስጥ በተገባ መጠን ክብሩ ይጨምር ነበር፤ ከሁሉ የከበረው ክፍል ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚገባበት፥ ሌላ ዓይን የማያየው ቅድስተ ቅዱሳን ነበር። እኛ ግን ሥርዓቱን ገልብጠን፥ ብዙ ዓይን ለሚያየው ብዙ ቀለም፥ ማንም ለማያየው ጥላሸት እንሰጣለን። ማድ ቤት አስቀድሞ የጢስ መውጫ ይበጅለት፥ ቀጥሎ በነጭ ኖራ ይቀባ፤ ኖራው ከትንሿ መስኮት የሚገባውን ብርሃን እጥፍ አድርጎ ለሠራተኛዋ ዓይን ያደርስላታል፤ ሠራተኛዋም የምታድርበት ሰርቪስ ከዚህ እንክብካቤ ድርሻ ይኑረው።

ይህ ሁሉ ለድኻ ከባድ ሕግ እንዳይመስል እፈራለሁ፤ ግን በእውነቱ የሚከብደው በሌላው ላይ ነው። ግድግዳውን በጋዜጣ የለጠፈው ሰው የማንንም ደመወዝ አልከለከለም፤ ከአንድ ክፍል የማይበልጠው ቤቱም ለእንግዳና ለቤተ ሰብ የተለየ ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ ከእርሱ የሚጠየቀው ልጆቹ እንዳይታመሙ እርጥበቱን መከላከል ብቻ ነው። ሕጉ በሙሉ የሚመለከተው ቀለም መምረጥ የሚችለውን ነው። እርሱ በሚመጣው ጥር ወደ ቀለም ሱቅ ከመሄዱ በፊት የለቃሚዎቹን ሒሳብ ይዝጋ፥ ግድግዳውን ፍቆ ያድርቅ፥ ኖራውን ከማድ ቤት ይጀምር፥ የቀቢውንም የቀን ዋጋ ሳያስመላልስ በዕለቱ ይስጥ። ከዚያ በኋላ ሳሎኑን ቢሻው በክሬም ቢሻው በሰማያዊ፥ መቃኑንም በወደደው ቀለም ያስውብ፤ የሐጌ ተግሣጽም ሆነ የዑመር ማስጠንቀቂያ አያገኘውም፤ ቀለሙ የተከፈለ ዕዳ ምልክት ነውና፥ ያን ዓይነቱን ውበት ውዳሴ ከንቱ ብሎ የሚጠራ ሃይማኖት አላውቅም።